ከሦስተኛው ዘለላ ጀምሮ የቲማቲሜ አበባ ይረግፋል፤ ግሪን ሃውሱን ምን ላድርገው?

አዲስ ዘሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። እዚህ ስጠይቅ የመጀመሪያዬ ነው። ጽሑፌ ቢረዝምም እባካችሁ ታግሣችሁ አንብቡልኝ።

8 በ30 ሜትር የሆነ የፕላስቲክ ግሪን ሃውስ አለኝ። የጣሪያው ጫፍ ከመሬት 3 ሜትር ከ20 ነው። ፊትና ኋላው በር አለው፤ ግራና ቀኙን ግን ነጭ ዝንብ እንዳይገባብኝ ፕላስቲኩን እስከ ታች አውርጄ ጠርዙን አፈር ውስጥ ቀብሬዋለሁ። በሮቹም ላይ ደቃቅ የነፍሳት መረብ አለ። 960 የቲማቲም ችግኝ ተክያለሁ። ውኃው በጠብታ መስኖ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ለአንድ ሰዓት ያህል እከፍተዋለሁ።

ተክሉን ላየው ሰው ያምራል። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ግንዱ አውራ ጣቴን ያህል የወፈረ፣ ቁመቱም ሽቦው ላይ የደረሰ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ዘለላዎች ፍሬ ይዘዋል። ከሦስተኛው ጀምሮ ግን አበባው ይፈካል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቆያል፣ ከዚያ አንገቱ ላይ ያለችው ትንሿ አንጓ ቢጫ ትሆንና ገና ሳልነካው ይወድቃል። ትናንት ከአንድ መደዳ ሥር የለቀምኩት ብቻ መዳፌን ሞላው። ከታች ከያዙት ፍሬዎችም አንዳንዶቹ ግርጌያቸው ጠቁሮ እንደ ቆዳ ደርቋል።

ማዳበሪያ አንሶት ነው ብዬ ጨመርኩ፤ ለውጥ የለም። አንድ የግብርና ዕቃ ሻጭ ፍሬ የሚያስይዝ ሆርሞን እንድረጭ መከረኝ። ሌላው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ሲሊንደር፣ ሌላው ደግሞ መብራት ግዛ ይለኛል። የኔዘርላንድስን የመስታወት ቤቶች በቪዲዮ ስመለከት ይህ ሁሉ አላቸው፤ እኔ ግን ሁሉንም መግዛት አልችልም። በር ላይ የሰቀልኩት ቴርሞሜትር እኩለ ቀን ላይ 29 ዲግሪ ያሳያል፤ ይህ ለቲማቲም ደህና ነው ሲባል ሰምቻለሁ። ሙቀቱ ደህና ከሆነ ታዲያ የጎደለው ምንድን ነው? መጀመሪያ ምን ላድርግ?

ሳልጠቅስ ያለፍኩት አንድ ነገር፦ ጠዋት ስገባ ከጣሪያው የሚንጠባጠበው ውኃ ትከሻዬን ያርሰዋል።


ጠብታ፦

ማዳበሪያ መጨመሩን ዛሬውኑ አቁም። ቅጠሉ ጥቁር አረንጓዴ፣ ግንዱ አውራ ጣት ያህል ከሆነ ናይትሮጅን በዝቶበታል እንጂ አላነሰውም። እንዲህ የጠገበ ቲማቲም ጉልበቱን ሁሉ ወደ ቅጠል ያፈሳል፤ አበባው ምግብ ያጣል። ደግሞም ቤት ውስጥ ዝናብ ስለማይገባ የጨመርከው ማዳበሪያ ታጥቦ አይሄድም፤ ጨው ሆኖ እዚያው ሥሩ ዙሪያ ይከማቻል። የጨው መጠን የሚለካውን ኢሲ ሜትር ከምታውቀው ሰው ተውሰህ አፈሩን ለካው።

በተረፈ 50 በመቶ ብርሃን የሚከልል የጥላ መረብ ጣልበት። ሙቀት ይቀንሳል።


የእሸት እናት፦

ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ያንን ቴርሞሜትር ከበሩ ላይ አውርደው። በር ላይ የተሰቀለ ቴርሞሜትር የሚነግርህ የበሩን ሙቀት ነው። አበባዎችህ ያሉት መሃል ቤት፣ ከመሬት አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ብሎ፣ በቅጠል ተከብበው፣ ነፋስ በማይደርስበት ቦታ ነው።

ይህን የምለው በራሴ ስለደረሰ ነው። በፕላስቲክ ቤት ቲማቲም ማምረት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆነኝ። በመጀመሪያው ዓመት የእኔም መለኪያ በር አጠገብ ነበር። በየቀኑ እያየሁ በደብተር እጽፋለሁ፤ 28፣ 29፣ 30። ደብተሩ ላይ ምንም ችግር የለም፤ ተክሉ ላይ ግን አምስት ዘለላ ተከታትሎ ረገፈ። አንድ ቀን መደዳው መሃል ጎንበስ ብዬ የጎን ቀንበጥ ስነቅል ትንፋሽ አጠረኝ። ወጥቼ መለኪያውን አመጣሁና አበባው አጠገብ፣ በቅጠል ጥላ ሥር ሰቀልኩት። ሩብ ሰዓት ቆይቼ ስመለስ 41 ይላል። ተበላሽቷል ብዬ ሌላ መለኪያ አመጣሁ። እሱም 41። አምስቱ ዘለላ የት እንደገባ ያን ጊዜ ገባኝ፤ እስከ ዛሬም ያ ቁጥር ከዓይኔ አልጠፋም።

አሁን ነገ የምታደርገውን ልንገርህ። ከረፋዱ 4 ሰዓት በኋላ ጥቁር ወረቀት ይዘህ ግባ። ደህና አድርጎ የፈካ አበባ ምረጥና ወረቀቱን ከሥሩ ይዘህ የዘለላውን አንገት በጣትህ መታ መታ አድርገው። አበባውን ቀረብ ብለህ ብታየው ቢጫ ቅጠሎቹ ወደ ኋላ ተቆልምመው መሃሉ ላይ ሾጣጣ ነገር ወደ መሬት አፉን ደፍቶ ተንጠልጥሏል። ብናኙ ያለው እዚያ ሾጣጣ ውስጥ ነው። እንደ ጨው መነስነሻ ነው፤ ካልተነቀነቀ አይወርድም። ጤነኛ ከሆነ ወረቀቱ ላይ ደቃቅ ቢጫ ዱቄት ይታይሃል፤ ትንሽ እፍ ብትልበት ይበናል። ዱቄቱ ተጣብቆ እብጥ እብጥ ካለ እርጥበቱ በዝቷል ማለት ነው። ከናካቴው ምንም ካልወረደ ሙቀቱ ብናኙን ገና በእንቡጥነቱ አበላሽቶታል።

ሜዳ ላይ ይህን የመነቅነቅ ሥራ የሚሠራው ነፋስ ነው። አንተ ነፋሱን በፕላስቲክ አስቀረኸው። እኔን በዚህ ሥራ ብዙ ዘመን ያስተማረኝ ነገር ይህ ነው፦ ግሪን ሃውስ ስንሠራ ነፋስን፣ ዝናብንና ተባይን ከለከልን ብለን ደስ ይለናል፤ የከለከልናቸው ነገሮች ግን ሥራ ነበራቸው። ነፋሱ አበባ ይነቀንቅ፣ ቅጠል ያደርቅ፣ ትኩስ አየር ያመጣ ነበር። ዝናቡ ጠብታ እንዳለው ጨውን ያጥብ ነበር። የሜዳው ሌሊት ግለቱን ወደ ሰማይ ይለቅ ነበር። ቤቱን በዘጋህበት ቀን የእነዚህ ሁሉ ሥራ በአንተ ትከሻ ላይ ወድቋል። አንተ ግን እስካሁን ማንም አልነገረህም፤ የነገሩህ ስለ ሲሊንደርና ስለ መብራት ነው። ይህ ያናድደኛል፤ አዲስ ገበሬ ያለውን ሁሉ የሚጨርሰው በዚህ ዓይነት ምክር ነውና።

ሌሊቱንም ለካ። ብዙ ሰው የቀኑን ብቻ ያያል። ቲማቲም ቀን ከ32 ዲግሪ በላይ ሲሆን ብናኙ ይጎዳል፤ ሌሊቱ ከ21 እስከ 24 ካለው በላይ ሆኖ ካደረም ቀኑ ምንም ቢያምር ፍሬ መቋጠር ያቅተዋል። ፍሪትስ ዌንት የተባለው የእጽዋት ተመራማሪ በካሊፎርኒያ የቴክኖሎጂ ተቋም ሙቀቱንና ብርሃኑን እንደ ፈለገ በሚቆጣጠርበት ክፍል ቲማቲም አሳድጎ እ.ኤ.አ. በ1940ዎቹ ያሳየው ይህንን ነው። ቀንና ሌሊት አንድ ዓይነት ሙቀት ካገኘው ይልቅ ሌሊቱ ቀዝቀዝ ያለለት ቲማቲም የተሻለ አደገ፣ የተሻለም አፈራ።

ጠብታ ስለ ናይትሮጅኑና ስለ ጨው ያለው ትክክል ነው። 50 በመቶውን የጥላ መረብ ግን አልቀበለውም። የኔዘርላንድስ አምራቾች ‘አንድ በመቶ ብርሃን፣ አንድ በመቶ ምርት’ የሚል የልምድ መለኪያ አላቸው። በየሰብሉና በየወቅቱ ልዩነት ቢኖረውም መንፈሱ ልክ ነው፤ ብርሃን የቲማቲም ምግብ ነው። አየር የማይወጣበትን ቤት በጥላ ማቀዝቀዝ ማለት ተክሉን አስርቦ ትኩሳቱን እንደ ማብረድ ነው። ጥላ የሚመጣው አየሩ ከተከፈተ በኋላ፣ ያ ካልበቃ ብቻ ነው።

ሦስት ቀን፣ በቀን ሦስት ጊዜ ለካልኝ፦ ጎህ ሳይቀድ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት። ሙቀቱንም የአየር እርጥበቱንም። መለኪያው አበባው አጠገብ ይሁን፤ ፀሐይ በቀጥታ እንዳያገኘው በነጭ ነገር ከልለው፣ አየር ግን ይለፍበት። እስከዚያ ሆርሞኑንም ሲሊንደሩንም መብራቱንም አትግዛ።


ማለዳ፦

እትዬ ስለ ነፋሱ ያሉት አንድ ያነበብኩትን ነገር አስታወሰኝ። ሮማዊው ጸሐፊ ፕሊኒ እንደተረከው ጢባርዮስ ቄሣር ኪያር እጅግ ይወድ ነበርና አትክልተኞቹ መደቡን መንኮራኩር ገጥመውለት ነበር። ፀሐይ ሲሆን ወደ ውጭ እየገፉ ያወጡታል፤ ሲበርድ ብርሃን በሚያሳልፍ ስስ የድንጋይ ንጣፍ ሥር ያስገቡታል። ያኔም የዘጉበትን መክፈት ያውቁ ነበር ማለት ነው።

ጥያቄ አለኝ። ቤቱ ከተከፈተ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ አይወጣም ወይ? ተክሉ የሚመገበው እሱን ከሆነ ዘግቶ መያዝ አይሻልም?


አዲስ ዘሪ፦

እትዬ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ያሉትን አደረግሁ። የሦስቱ ቀን ቁጥር ተቀራራቢ ስለሆነ የመሃሉን እጽፋለሁ።

ጎህ ሳይቀድ 22.5 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 97 በመቶ።
ከቀኑ 7 ሰዓት 39 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 48 በመቶ።
ከምሽቱ 2 ሰዓት 27 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 88 በመቶ።

በዚያው 7 ሰዓት ላይ የበሩ ቴርሞሜትር 29 ነበር። አሥር ዲግሪ ልዩነት! ሁለት ጊዜ ተመላልሼ አየሁት።

ጥቁሩን ወረቀትም ሞከርኩ። ከሃያ አበባ ዱቄት ያገኘሁት በሦስቱ ብቻ ነው፤ እሱም ከበሩ አጠገብ ካሉት። ከመሃሉ መደዳ አንዲት ቅንጣት አልወረደችም። ይህን ሳይ አበባዎቹ ከመውደቃቸው በፊት አልቆላቸው እንደነበር ገባኝ። አሁን ቤቱን ልክፈተው? ነጭ ዝንቡስ?


የእሸት እናት፦

ቁጥሩን በትክክል ስላመጣህልኝ አመሰግንሃለሁ። አሁን በግምት አንነጋገርም።

መጀመሪያ ቁጥሮችህን ላንብብልህ። 39 ዲግሪ ላይ አየር መያዝ የሚችለው የውኃ ተን ወደ 7 ኪሎፓስካል የሚጠጋ ግፊት አለው። ያንተ አየር የያዘው 48 በመቶውን ነው፤ የቀረውን ወደ 3.6 ኪሎፓስካል ከቅጠሉ እየሳበ ነው ማለት ነው። ቲማቲም የሚመቸው ይህ ጉድለት ከ0.5 እስከ 1.2 አካባቢ ሲሆን ነው። 3.6 ሲሆን ቅጠሉ ውኃ ለማዳን ቀዳዳዎቹን ይዘጋል። ቀዳዳው ሲዘጋ መላብ ያቆማል፣ ካላበ አይቀዘቅዝም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም አይገባለትም። ስለዚህ እኩለ ቀን ላይ፣ ብርሃኑ በሞላበት ሰዓት፣ ተክልህ ሥራ አቁሞ ቆሟል። ጎህ ሲቀድ ደግሞ ተቃራኒው ነው፤ ጉድለቱ ከ0.1 በታች ስለሆነ አየሩ አንዲት ጠብታ መቀበል አይችልም። ትከሻህን የሚያርሰው ውኃ እሱ ነው። ያው ውኃ አበባና ቅጠል ላይ ሲያርፍ ግራጫ ሻጋታ ይጠራብሃል። እርጥበቱን በመቶኛ ብቻ ማየት የማያዋጣው ለዚህ ነው፤ ከሙቀቱ ጋር አብረህ ካላየኸው 48 በመቶ ደህና ይመስላል።

የማለዳ ጥያቄ ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። በውጭው አየር ውስጥ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከሚሊዮን 420 እጅ አካባቢ ነው። ተክል የሞላበትን ቤት ዘግተህ ፀሐይ ስትወጣ ተክሉ ያለውን ይመገበውና በጥቂት ሰዓት ውስጥ ከ200 በታች ሊያወርደው ይችላል። ዘግተህ ያዝከው የምትለው ነገር ተበልቶ አልቋል። በሩን ስትከፍት የምታወጣው ሳይሆን የምታስገባው ነው የሚበልጠው። ኔዘርላንድሶች ተጨማሪ የሚሰጡት የሚያሞቁበትን የጋዝ ቃጠሎ ጭስ አጣርተው፣ መስኮታቸውን በኮምፒውተር እየከፈቱና እየዘጉ ነው። ብርዱ ስለሚያስገድዳቸው የሠሩት ቤት ነው። አንተ የምትታገለው ሙቀትን ነው፤ ስለዚህ መመልከት ያለብህ ሌላ ቦታ ነው። በስፔን ደቡብ፣ በአልሜሪያ ዳርቻ ከ30,000 ሄክታር በላይ በፕላስቲክ ተሸፍኗል፤ አብዛኛው ማሞቂያ የለውም። እዚያ ያሉ ገበሬዎች በሚሞቀው ወቅት ጣሪያውን ኖራ ይቀቡታል፣ ፀሐዩ ሲበርድ ያጥቡታል፣ ጎኑንም ይከፍታሉ። መላው ይህ ነው።

አሁን ሥራው። ከሁለቱ ረጃጅም ጎኖች ላይ ከመሬት ጉልበት ያህል ከፍ ብለህ አንድ ሜትር ስፋት ያለው ፕላስቲክ ተጠቅልሎ የሚነሣ አድርገው። 30 ሜትር በሁለት ጎን 60 ካሬ ሜትር ይሆናል። ቤትህ 240 ካሬ ሜትር ስለሆነ ሩቡን ከፈትክ ማለት ነው። ከ15 እስከ 25 በመቶ መክፈት የተለመደ ነው፤ አንተ ግን ለነጭ ዝንቡ ክፍቱን በመረብ ስለምትሸፍነው ከፍተኛውን ያዝ። ነጭ ዝንብ የሚከለክል መረብ ደቃቅ ስለሆነ ነፋሱን ግማሽ ያህል ሊያስቀርብህ ይችላል። መረቡ በየጊዜው ይታጠብ፤ አቧራ ከደፈነው ግድግዳ ሆነ ማለት ነው። ትኩስ አየር ወደ ላይ ስለሚሄድ ጫፍ ላይ ካልወጣ መሃሉ አይቀዘቅዝም፤ ጣሪያህን አሁን መክፈት ካልቻልክ ከሁለቱ በሮች በላይ ያለውን ሦስት ማዕዘን ቆርጠህ መረብ ወጥርበት።

ሌሊት አትዝጋው። 22.5 ላይ ያደረ ቤት የሚዘጋበት ምክንያት የለም። ቤት መዝጋት ያለበት ሌሊቱ ሲበርድበት ነው፤ እሱም ቢሆን ጎህ ሳይቀድ ገርበብ ይደረጋል። ምክንያቱን ልንገርህ፦ ፀሐይ ስትወጣ አየሩ ቶሎ ይሞቃል፣ ፍሬው ግን ወፍራም ስለሆነ ቀዝቅዞ ይቆያል። እርጥቡ አየር ቀዝቃዛው ፍሬ ላይ ውኃ ሆኖ ይቀመጣል። ፀሐይ ከወጣች በኋላ የሚከፍት ሰው ከሻጋታው ኋላ ነው የሚደርሰው።

ከታች ያሉትን፣ ፍሬው ከደረሰው ዘለላ በታች የቀሩትን ቅጠሎች ጠዋት ደረቅ በሆነ ቀን ቀንጥሳቸው። በካሬ ሜትር አራት ተክል አስገብተሃል፤ ይህ ይበዛል። በሚቀጥለው ተከላህ ከሁለት ተኩል አትለፍ።

አበባውን ከረፋዱ 4 እስከ 6 ሰዓት ባለው ጊዜ በየሁለት ቀኑ አንቀጥቅጥ። የተንጠለጠሉበትን ሽቦ በዘንግ መታ መታ ማድረግ ይበቃል፤ አበባውን ራሱን አትምታ። ትልልቅ አምራቾች በባትሪ በሚንቀጠቀጥ ዘንግ ዘለላ በዘለላ ይሠሩት ነበር። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ግን ባምብልቢ የሚባሉትን ወፈር ያሉ ጸጉራም ንቦች ቤት ውስጥ ያስገባሉ፤ አበባውን ጨምድደው ይዘው በክንፋቸው ጡንቻ ያርገበግቡታል። የማር ንብ ይህን አትችልም።

የፍሬው ግርጌ የጠቆረው ካልሲየም ስላልደረሰው ነው፤ ቢሆንም ካልሲየም እንዳትረጭ። ካልሲየም ወደ ፍሬ የሚደርሰው በውኃ ተጭኖ ነው። አየሩ ወደ 3.6 እየወጣ ሲስብ፣ ቅጠሉ ቀዳዳዎቹን እስኪዘጋ ድረስ ውኃው ሁሉ ወደ ቅጠሉ ይሮጣል፤ ፍሬው ግርጌው ሳይደርሰው ይቀራል። ጨው ሲበዛ ደግሞ ሥሩ ውኃ መሳቡ ይከብደዋል። አንድ ሰዓት የምታጠጣውን በሦስት ከፍለው፤ የመጀመሪያው ፀሐይ ከወጣች ከሁለት ሰዓት በኋላ፣ የመጨረሻው ከመግባቷ ሦስት አራት ሰዓት ቀደም ብሎ ይሁን።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምንሃለሁ። ቤቱን ነገ ብትከፍተው በሚቀጥለው ሳምንት አበባው መርገፉን አያቆምም። ብናኝ በሙቀት የሚጎዳው አበባው ከመፍካቱ ከ7 እስከ 15 ቀን ቀደም ብሎ፣ ገና የሩዝ ፍሬ የምታህል እንቡጥ ሳለ ነው። አሁን የምታያቸው እንቡጦች የተበላሹት ባለፈው ሳምንት ነው። ሰው በአምስተኛው ቀን ተስፋ ቆርጦ ሆርሞኑን ገዝቶ ይረጫል፣ በሁለተኛው ሳምንት ፍሬው ሲቋጥር ሆርሞኑ ሠራ ይላል። ሁለት ሳምንት ታገሥ።


ጠብታ፦

ስለ ጥላ መረቡ ያሉኝን ተቀብያለሁ። አንድ ልጨምር፦ ኖራ ሲቀባ ቀጭን ይሁን፣ ከውጭ በኩል ብቻ። ወፍራም ቀብቼ ብርሃኑ ሲያንሰኝ ማጠቡ ሁለት ቀን ፈጅቶብኛል። ፕላስቲኩንም ሻካራ ነገር አይንካው።


አዲስ ዘሪ፦

ከተጻጻፍን 26 ቀን ሆነ። የምጽፈው እንዳልረሳችሁኝ ለመንገር ብቻ ሳይሆን ቁጥሩን ላሳያችሁም ነው።

ጎኖቹን ለመክፈት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የቀበርኩትን ጠርዝ ስቆፍር ከፕላስቲኩ ሥር ነጭ ጨው አፈሩ ላይ እንደ አመዳይ ተነጥፎ አገኘሁት። ጠብታ ያልከው ነገር በዓይን የሚታይ ሆኖ ቆየኝ። ኢሲ ሜትር ተውሼ ለካሁ፤ ከፍ ያለ ስለነበር ማዳበሪያውን ሙሉ በሙሉ አቁሜ ሁለት ቀን ንጹሕ ውኃ ብቻ ረዘም አድርጌ ለቀቅሁበት። ኖራውን ቀጭን አድርጌ ከላይ ቀባሁ።

የመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት ከበዱኝ። አበባው እንዳሉት መርገፉን አላቆመም። በስምንተኛው ቀን የሆርሞኑን ሻጭ ስልክ ደወልኩ፤ ከዚያ የእትዬን ጽሑፍ እንደገና አንብቤ ‘ሌላ ጊዜ’ ብዬ ዘጋሁት።

አሁን ጎህ ሳይቀድ 19.5 ዲግሪና 88 በመቶ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ደግሞ 31.5 ዲግሪና 60 በመቶ። ጠዋት ከጣሪያው ምንም አይንጠባጠብም።

ስድስተኛው ዘለላ ሰባት አበባ አወጣ፤ አምስቱ ቋጥረዋል። ዛሬ ጠዋት አንዱን ተንበርክኬ አየሁት። የደረቀው አበባ ገና አልወደቀም፤ ከሥሩ የዶቃ ያህል አረንጓዴ ፍሬ ጫፉን እየገፋው ነው። አንገቱ ላይ ያለችው አንጓ ቢጫ አይደለችም። ጥቁሩን ወረቀት ይዤ የመሃሉን መደዳ መታሁ፤ ከሃያው በአሥራ ስድስቱ ዱቄት ወረደ።

ግርጌው የጠቆረ አዲስ ፍሬ ከሁለት በቀር አላየሁም፤ እነሱም በር አጠገብ ባሉት ተክሎች ላይ ናቸው። የቀረኝ አንድ ጥያቄ ነው። ከቀኑ 7 ሰዓት ያለው ጉድለት ወደ 1.9 ይጠጋል ብዬ አስልቻለሁ። ወደ 1.2 ለማውረድ በደረቁ ሰዓት በመደዳዎቹ መሃል ባለው መንገድ ላይ ውኃ ብረጭ ይጠቅማል ወይስ ያንን የጠዋቱን ጠል መልሼ እጠራዋለሁ?


የእሸት እናት፦

ወንድሜ፣ የአሥራ ስድስቱን አበባ ሳነብ እዚህ ተቀምጬ እጄን አጨበጨብኩ። ስሌትህም ልክ ነው።

መንገዱን ማርጠብ ይጠቅማል፤ ውኃው ሲተን ከአየሩ ላይ ግለት ይወስዳል፣ እርጥበቱንም ከፍ ያደርጋል። ግን ጎኖቹ ክፍት ሆነው ብቻ፣ ከ5 እስከ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ፣ መሬቱን እንጂ ቅጠሉን ሳትነካ። ከ9 ሰዓት በኋላ አንዲት ጠብታ አታፍስስ፤ ምሽት ሲገባ መሬቱ ደርቆ ይጠብቅህ። ሦስት ቀን ሞክርና የጎህ ሰዓቱን ቁጥር ተመልከት። እርጥበቱ 92 በመቶን ካለፈ ተወው፤ 1.9ኙ ከጠዋት ጠል ይሻልሃል።

የበሩ አጠገብ ሁለቱ ፍሬዎች ነገር ግን አልተዋጠልኝም። እዚያ አየሩ ከመጀመሪያውም ደህና ነበር። የጠብታ መስኖው ቱቦ ጫፍ እዚያ አይደለም? ከመጨረሻው ቀዳዳ ሥር ጣሳ አስቀምጥና በሩብ ሰዓት ስንት እንደሚሞላ ከመጀመሪያው ቀዳዳ ጋር አወዳድረህ ጻፍልኝ።